የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ከምክር ቤት እስከ አየር ጤና

የወንጀል ሕግ የሚወጣበት ቦታና የወንጀል ሕግ የሚፈጸምበት ቦታ ሁለት ናቸው። የሚወጣው በአራት ኪሎ ነው፤ በዚያ የምክር ቤት አባሎች ረቂቁን ከፊታቸው ዘርግተው ቁጥር በቁጥር ይነጋገሩበታል፤ ይጨምራሉ፥ ይቀንሳሉ፥ በመጨረሻም ድምፅ ይሰጣሉ። የሚፈጸመው ግን በአገሩ ሁሉ ነው። ለዚህ ጽሑፍ ከአገሩ ሁሉ አንድ ሰፈር መምረጥ አስፈልጎናልና አየር ጤናን መረጥን። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ የጅማን መንገድ ይዞ ወደ ሰበታ የሚሄድ ሰው በመንገዱ የሚያገኘው ይህ ሰፈር ዛሬ ብዙ ሕዝብ የሚኖርበት የኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ ክፍል ነው። ከከተማው መካከል ራቅ ያለ በመሆኑ፥ ሕግ ከወንበር ወርዶ እንዴት እንደሚራመድ ለማየት ይመቻል። በዚያው በኮልፌም በቀድሞው ዘመን የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር ይገኝ ስለ ነበረ፥ የጸጥታን ነገር ለሚመረምር ሰው አካባቢው ከታሪክ ባዶ አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የምንከተለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሕግ በሚወጣበት ሰዓት ገብታ የቀረች አንዲት ቁጥር ካስገቧት ሰዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ ትኖራለች፤ እነርሱ ባላሰቡት ዘመን፥ ባላሰቡትም ሰው ላይ ተነሥታ ትሠራለች። የአገራችን የወንጀል ሕግ ታሪክ ለዚህ ምስክር ስለ ሆነ፥ ከጥንቱ ተነሥተን ወደ ቅርቡ እንሄዳለን።

አባቶቻችን ወንጀልን ይዳኙ የነበሩት በአንድ በኩል በፍትሐ ነገሥት፥ በሌላ በኩል በአገር ልማድ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ13ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ክርስቲያን ሊቅ በዓረብኛ ተሰብስቦ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰ መጽሐፍ መሆኑን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን መጽሐፉ ከሊቃውንትና ከነገሥታት ችሎት ርቆ ብዙ አይሄድም ነበር። በገጠሩ የሚሠራው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ነበር። ከብት ተሰርቆ ወይም ሰው ተገድሎ አድራጊው ባልታወቀ ጊዜ፥ የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስም ወደ ቤቱ መሄድ አይፈቀድለትም። እርሻ ይታደራል፥ ከብት ይራባል፤ ምስጢር የያዘውም ሰው በመጨረሻ ይጨነቅና ይናገራል። ጥፋተኛው ካልወጣ ደግሞ አገሩ በጅምላ ይከፍላል። ዛሬ በጨዋታ መካከል የነገር ምንጭ ሲደበቅ «ወፍ ነገረኝ» የምንለው ቃል የዚያ ዘመን ሽታ ያለበት ይመስለናል።

ከዚህም የሚከፋ ነበረ፤ ሌባ ሻይ ማለታችን ነው። አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ይሰክራል፤ በመንደሩም ውስጥ እየተንገዳገደ ይሮጣል፤ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚታሰሩበት የቁራኛ ሥርዐትም ለአገሩ የታወቀ ነበር። እነዚህ ልማዶች አንዱ ጎዶሎአቸው ጭካኔአቸው ነው፤ ሌላው ግን፥ በእኛ አስተያየት የሚብሰው፥ ሰው ምን ሲያደርግ ምን እንደሚደርስበት አስቀድሞ የሚያውቅበት የተጻፈ ልክ አለመኖሩ ነው። ፍርሃት ነበረ፤ ልክ ግን አልነበረም።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ አፈ ንጉሥ ነሲቡ መስቀሎን የፍርድ ሚኒስትር አድርገዋል። አዲስ አበባም የአራዳ ዘበኛ ነበራት፤ በልጅ ኢያሱ ዘመንም ትርንቡሌ የሚባል የከተማ ጸጥታ ጠባቂ ተቋቋመ። እንግዲህ ጠባቂው ከሕጉ ቀድሞ መጣ ማለት ነው፤ ዘበኛው በእጁ ዱላ እንጂ በብብቱ የሕግ መጽሐፍ አልነበረውም።

የመጀመሪያው የተጻፈ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው የዘውድ በዓል በተከበረበት በ1923 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ያረቀቁት ሕገ መንግሥት ታወጀ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የተባሉትንም ሁለት ምክር ቤቶች አቆመ። ቅደም ተከተሉን አንባቢው ያስተውልልን። የወንጀል ሕጉ ሲወጣ ገና ምክር ቤት አልነበረም። ምክር ቤቶቹም ከተቋቋሙ በኋላ ቢሆን፥ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ የሕግ መምሪያ አባሎች በመኳንንትና በአገር ሹማምንት እንዲመረጡ ሕገ መንግሥቱ ወስኖ ነበር። ያም ሆነ ይህ የ1923 ሕግ ልክን አምጥቷል፤ ለየጥፋቱ የተለየ ቅጣት መድቦ፥ ዳኛው ከልቡ አፍልቆ ሳይሆን ከጽሑፍ አንብቦ እንዲፈርድ ጠይቋል። ወዲያው ጠላት ገባና ሁሉም ተቋረጠ።

ከድል በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነጋሪት ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የፍርድ ቤቶችና የፖሊስ ዐዋጆችም በዚያው ዓመት ወጡ፤ የወኅኒ ቤቶች ዐዋጅ በ1936 ተከተለ። ዐዋጅ በነጋሪት ተመትቶ ይሰማ የነበረ ሕዝብ አሁን በወረቀት ያነበው ጀመር። የወንጀል ሕጉ ግን የ1923ቱ ሆኖ፥ በላዩ ላይ ልዩ ልዩ ዐዋጅ እየተለጠፈበት እንደ ድሪቶ ቈየ።

ድሪቶው የሚወልቅበት ጊዜ በ1946 ዓ.ም. መጣ። የሕግ አርቃቂ ኮሚሲዮን ተቋቁሞ፥ የፍትሐ ብሔሩን ሕግ እንዲያረቁ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ፥ የወንጀለኛ መቅጫውን እንዲያረቁ ደግሞ ስዊሳዊው የሕግ መምህርና ዳኛ ዣን ግራቨን ተጠሩ። ግራቨን ረቂቁን የጻፉት በፈረንሳይኛ ሲሆን አብዝተው የተመሠረቱት በአገራቸው በስዊስ ሕግ ላይ ነበር። ረቂቁ እየተተረጐመ በኢትዮጵያውያንና በውጭ አገር ሰዎች ኮሚሲዮን ፊት ይቀርብ ነበር፤ ከዚያም ወደ ምክር ቤቶቹ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ስለ ተርጓሚዎቹ አንድ ቃል ሳንናገር ብናልፍ ግፍ ይሆንብናል። የስዊስን ሕግ በአማርኛ ማናገር ቀላል ሥራ አልነበረም። እነርሱ ግን ቃሉን ከባዕድ መበደር ትተው ብዙውን ጊዜ ከቤታቸው ፈለጉ። እስረኛ ጠባዩ ታይቶ ከጊዜው በፊት የሚለቀቅበትን ሥርዐት «አመክሮ» አሉት፤ በገዳም ለምንኵስና የቀረበ ሰው የሚፈተንበት ጊዜ ስም ነው። አንድ ወጣት መነኵሴ የሚሞከርበት ቃል አንድ እስረኛ ለሚሞከርበት ነገር ዋለ። ይህ ቃል ዛሬ በእስረኛው ቤተ ሰብ አፍ ሳይቀር የሚነገር ሆኗል፤ ከሕጉ ቁጥሮች ብዙዎቹ ግን ይህን ያህል አልታደሉም።

አሁን ወደ ምክር ቤቱ እንመለስ። ግራቨን በረቂቃቸው የሞት ቅጣትን የአገሩ ሕዝብ ስሜት የሚጠይቀው ነው ብለው ትተውታል፤ ግርፋትን ግን አላስገቡም ነበር። ምክር ቤቶቹ በረቂቁ ላይ በተነጋገሩ ጊዜ ግርፋት እንዲኖር ፈለጉ፤ አስገቡትም። ሕጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጥር ወጥቶለት ያለቀ ስለ ነበረ፥ አዲሲቱ ቁጥር ስፍራ አጣች፤ በ120ና በ121 መካከል ገብታ «120 ሀ» ተባለች። ለከባድ ስርቆትና ለከባድ ውንብድና የተመደበች ነበረች። በ820 ቁጥሮች መካከል ይህች አንዲት ፊደል ያንጠለጠለች ቁጥር ለዐዋቂ ዐይን እንደ ስፌት ታስታውቃለች፤ የውጭው ሊቅ እጅ የት ላይ ቆሞ የአገሩ ሽማግሌ እጅ የት ላይ እንደ ቀጠለ ታሳያለች።

ስለዚህች ቁጥር ሁለት ዓይነት አስተያየት መስጠት ይቻላል። የመጀመሪያው፥ ምክር ቤቱ ማኅተም ለመምታት ብቻ የተቀመጠ አልነበረም የሚል ነው፤ የሊቁን ረቂቅ አንብቦ «ይህ ይጐድለዋል» ለማለት ደፍሯል። ይህን እናመሰግናለን። ሁለተኛው ግን ያሳዝናል፤ ደፍሮ የጨመረው ነገር ጅራፍ ነበር። ጅራፍ ለአገሩ እንግዳ ባለ መሆኑ፥ በገበያ መካከል ሌባ ሲገረፍ አይተው ያደጉ ሰዎች ያለ እርሱ ሌብነት አይገታም ብለው ቢያምኑ አይገርምም። ሕጉ ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ.ም. ታወጀ፤ ከሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. ጀምሮም ጸና። ሕዝቡ ድምፅ የሰጠበት የመጀመሪያው ምርጫ የተደረገው በ1950 መስከረም ስለ ነበረ፥ ሕጉን የመከሩበት አባሎች ሕዝብ ያልመረጣቸው ነበሩ። ግርፋት ግን በሕዝብ ልጆች ጀርባ ላይ ከአርባ ዓመት በላይ በሕግ ተጽፎ ኖረ።

ከዚያው ሕግ ሌላ ቁጥር እናንሣ። ጠለፋ በ1949 ሕግ በቁጥር 558 ወንጀል ሆኖ ተጽፎ ነበር። ነገር ግን የተጠለፈችው ልጅ ከጠላፊዋ ጋር ሕጋዊ ጋብቻ የፈጸመች እንደ ሆነ ክሱ ይቀራል የሚል ተከታይ ነበረው። በወረቀት ላይ ሲታይ የልጅቱን ፈቃድ ያከበረ ይመስላል። በመንደር ግን ፈቃድ የሚባለው ነገር ሽማግሌ ተልኮ፥ አባት ተለምኖ፥ ልጅቱም «ከእንግዲህ ማን ያገባሻል» ተብላ የሚገኝ ነበርና፥ ቁጥሩ ለጠላፊው የተከፈተ በር ሆነ። ሕጉ ሲመከር በምክር ቤቱ አንዲት ሴት አልነበረችም፤ የመጀመሪያይቱ ሴት የምክር ቤት አባል ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የገቡት ከ1950ው ምርጫ በኋላ ነው። ይህን በር ለመዝጋት ደግሞ 1996 ዓ.ም. መጠበቅ ግድ ሆነ።

የሥነ ሥርዐቱ ሕግ ታሪክ አጭር ነው። ግራቨን የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዐትንም በአውሮፓ ልማድ አርቅቀው ነበር፤ ያ ረቂቅ ቀርቶ በእንግሊዛዊው ዳኛ በሰር ቻርልስ ማቲው አማካይነት ወደ እንግሊዝ ሥርዐት ያደላው ተዘጋጀና ጥቅምት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ታወጀ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዳኛ ወንጀሉን በስዊስ ዐይን፥ ክርክሩን በእንግሊዝ ጆሮ እንዲመለከት ሆነ። ጋብቻው እንግዳ ቢመስልም ኖረ። ከዚህ ሕግ ለተራው ሰው የቀረበችው፥ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት ይቅረብ የምትለው ናት። መጀመሪያ የጸናችው በ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት ነው፤ ሥነ ሥርዐቱ ተቀበላት። በአጠገቧ ደግሞ ፖሊስ ምርመራውን ካልጨረሰ ፍርድ ቤት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ ቀጠሮ ሊሰጠው እንደሚችል ተጻፈ። ስንት ጊዜ ሊሰጠው እንደሚችል ግን አልተጻፈም። «የጊዜ ቀጠሮ» የሚለው ቃል በየእስረኛው ቤት የታወቀው በዚህች ዝምታ ነው።

እንግዲህ ከአየር ጤና ብዙም ወደማይርቀው ወደ ኮልፌ እንመለስ። ምክር ቤቱ በአራት ኪሎ ስለ ሕጉ ሲነጋገር፥ በኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ይሠለጥን ነበር። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ወደዚህ ሠፈር አንድ ረጅም የደቡብ አፍሪካ ሰው መጣ፤ ስሙም ኔልሰን ማንዴላ። ሥልጠናውን ያዘጋጁለት ረዳት የፖሊስ ኮሚሽነር የነበሩት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው። መሣሪያ መተኰስን፥ ፈንጂን፥ ረጅም የእግር ጕዞን ተማረ፤ ስድስት ወር ሊቈይ አስቦ ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ ወደ አገሩ ተጠራ። ከተመለሰም በኋላ ወዲያው በሐምሌ መጨረሻ ተያዘ። በጥቅምት 1955 የተፈረደበት አምስት ዓመት ለሁለት ጥፋት የተከፈለ ነበር፤ ሦስቱ ዓመት ሠራተኞችን ለሥራ ማቆም በመቀስቀስ፥ ሁለቱ ዓመት ያለ ፓስፖርት ከአገር በመውጣት። እንግዲህ ኮልፌ ድረስ መምጣቱ ራሱ የጕዞው ክፍል ነበርና፥ በደቡብ አፍሪካ ሕግ ወንጀል ነበር።

ይህን ያነሣነው እንግዳን በማስታወስ ለመኵራራት አይደለም። ማንዴላ በኮልፌ በነበረበት በዚያው ሰኔ 1954 የደቡብ አፍሪካ ፓርላማ አሻጥርን የሚመለከት የወንጀል ሕግ አጽድቆ ነበር፤ ቅጣቱ ከአምስት ዓመት እስራት ጀምሮ እስከ ሞት የሚደርስ ነው። በሰኔ 1956 ማንዴላና ጓደኞቹ የዕድሜ ልክ እስራት የተፈረደባቸው በዚህ ዓይነት ሕግ ነው። ያ ፓርላማ ወንበርም፥ ንባብም፥ ድምፅም አልጐደለውም፤ ሕጉ የሚወድቅባቸው ሰዎች ግን በውስጡ ድምፅ አልነበራቸውም። ስለዚህ የምክር ቤት መኖር ብቻውን የሕግን ቅንነት እንደማያረጋግጥ፥ ከደቡብ አፍሪካ በላይ የሚያስተምር ምሳሌ አናገኝም። ኮሎኔል ታደሰ ራሳቸው ኋላ ጄኔራል ሆነው በመንግሥት ላይ በማሤር ተከሰው ሞት ተፈረደባቸው፤ ቅጣቱም ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠላቸው። በመጨረሻ በ1967 በደርግ ዘመን ተገደሉ።

በ1967 ዓ.ም. የሆነውን ብዙ ሰው ስለሚያውቀው አናስረዝመውም። መስከረም 2 ቀን ምክር ቤቶቹ ተዘጉ። በኅዳር ወር ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት በዐዋጅ ተቋቋሙ። ልዩው ሕግ ወደ ኋላ ተመልሶ ይሠራ ነበር፤ ሰው አንድን ነገር ባደረገበት ቀን ወንጀል ያልተባለው ነገር ኋላ ወንጀል ተባለበት። የ1949ኙ ሕግ በቁጥር 2 የከለከለው ትልቁ ነገር ይህ ነበር። ኅዳር 14 ቀን ግን ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣኖች ሲገደሉ ያ ልዩ ሕግ እንኳ ከመደርደሪያው አልወረደም፤ ከመገደላቸው በፊት ፍርድ ቤት አልቀረቡም።

የ1949 ሕግ ግን በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ በየመዝገብ ቤቱ ተቀምጦ ነበር። በውስጡም ቁጥር 281 የምትባል ነበረች። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የዘር ማጥፋት ወንጀል ስምምነት በሰኔ 1941 ከአገሮች ሁሉ ቀድማ ያጸደቀች ናት። ስምምነቱ የሚጠብቀው በብሔር፥ በጐሣ፥ በዘርና በሃይማኖት የሚለዩ ወገኖችን ብቻ ሲሆን፥ የ1949ኙ ሕግ በቁጥር 281 የፖለቲካ ወገንን ጨመረበት። ይህች ጥቂት ቃል በ1949 ማን ላይ ትውላለች ተብሎ ታስቦ እንደ ተጨመረች ለመገመት አንደፍርም፤ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረምና።

የደርግ ባለ ሥልጣኖች ጉዳይ በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. በፍርድ ቤት መሰማት ሲጀምር፥ በቀይ ሽብር የተገደሉት ወጣቶች አብዛኞቹ የተገደሉት በፖለቲካ ወገንነታቸው ስለ ነበረ፥ ዐቃቤ ሕጉ ያነሣት ቁጥር 281ን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የፈጀው ክርክር በታኅሣሥ 1999 በጥፋተኝነት ውሳኔ አበቃ፤ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸው፤ በግንቦት 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ለወጠው። በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከዳኞቹ አንዱ የልዩነት ሐሳብ ነበራቸው፤ ደርግ ባወጣቸው ዐዋጆች የፖለቲካ ወገኖች ያገኙት የነበረው ጥበቃ ተሽሯል የሚል ነው። ክርክሩ ጥልቅ ነው። ያለ ምክክር በአንድ ሌሊት የወጣ ዐዋጅ በምክክር የገባውን ቃል ፍቆታል ወይስ አልፋቀውም የሚል ነውና። አብዛኞቹ ዳኞች አልፋቀውም አሉ። በ1949 ሕጉን ያጸደቁት ሰዎች ብዙዎቹ በዚያ ጊዜ በሕይወት አልነበሩም፤ ከእነርሱም መካከል ደርግ የገደላቸው ነበሩ።

120 ሀና 281 የአንድ ሕግ ልጆች ናቸው፤ አንደኛይቱ ለጅራፍ፥ ሁለተኛይቱ ለፍትሕ ኖራለች። ሁለቱንም ያጸደቀው ያው ምክር ቤት ነው። ከዚህ ታሪክ በኋላ የመጣውን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ዘመን ስንመለከት፥ ያው ሁለት መልክ ተመልሶ ይታየናል።

የፈጠነውን እናስቀድም። በ1993 ዓ.ም. በሙስና ተጠርጥረው የተያዙትን የቀድሞ የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃን ዳኛዋ ወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ ፈቀዱ። ሰውየው ወዲያው ተመልሰው ተያዙ፤ ምክር ቤቱም ወዲያው ዐዋጅ ቁጥር 239/1993ን አወጣ፤ በሙስና የተያዘ ሰው በዋስ አይለቀቅም የሚል ነው። የዐዋጁ ዐሳብ ሙስናን ማጥፋት ነበር ቢባል እንኳ፥ ምክንያቱ አንድ መዝገብ እንደ ነበረ አገር ያየው ነው። ክልከላው በ1997 ተለዝቦ፥ ከአሥር ዓመት በላይ ለሚያስቀጣ የሙስና ወንጀል ብቻ ሆነ። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግን በዐዋጁ የታሰሩ ሰዎች ሁሉ የአቶ ስዬን መዝገብ ዕዳ ከፈሉ።

በ1996 ዓ.ም. ደግሞ የአደገኛ ቦዘኔነት መቆጣጠሪያ ዐዋጅ ቁጥር 384 ወጣ። ይህ ዐዋጅ ከሌሎቹ ሁሉ ይልቅ እንደ አየር ጤና ላለ ሰፈር የቀረበ ነው። መንገድ ዳር የቆመ፥ የታወቀ መተዳደሪያ የሌለው፥ በቁማር ወይም በመንደር ረብሻ የተጠረጠረ ሰው በዚህ ስም ሊያዝ ይችላል፤ የተያዘውም በዋስ አይለቀቅም ተባለ። ነጋዴው፥ ተማሪዋ፥ ማታ ከሥራ የምትመለሰው ሴት በየመንገዱ ይቀሙ ነበርና የጸጥታ ችግር አልነበረም አንልም። ሆኖም ሥራ አጥነትና ወንጀለኛነት በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ጎን ለጎን ሲጻፉ፥ መለያውን የሚሰጠው ሕግ አውጪው መሆኑ ቀርቶ በመንገድ ላይ የቆመው ፖሊስ ይሆናል። «አደገኛ ቦዘኔ» የሚለው ቃልም ከዐዋጁ ወጥቶ የሰፈር ስድብ ሆነ፤ ሕግ እንዲህ በፍጥነት ወደ ሕዝብ አፍ ሲገባ እምብዛም አይታይም።

በዚያው በ1996 ግን የዘገየውና የተመከረበት ሥራ ተፈጸመ። ረቂቁ በአዲስ አበባና በክልሎች መድረክ ውይይት ከተደረገበት በኋላ፥ አዲሱ የወንጀል ሕግ በዐዋጅ ቁጥር 414 ጸድቆ ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። ስሙ ራሱ ተለውጧል፤ «የወንጀለኛ መቅጫ» የሚለው «የወንጀል ሕግ» ሆነ። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ መሪነት ጠለፋንና ሌላውን የሴት ልጅ መከራ ለዓመታት ሲጮኽበት ቈይቶ ነበር፤ የአሮጌው ሕግ የጋብቻ በር በዚህ ሕግ ተዘጋ፤ ጠላፊ ቢያገባም ከቅጣት አይድንም ተባለ። የሴት ልጅ ግርዛትና ያለ ዕድሜ ጋብቻ ራሳቸውን ችለው ወንጀል ሆነው ተጻፉ። ስለ ጽንስ ማቋረጥ በተደረገው ክርክር አንዱ ሃይማኖቱን፥ ሌላው በየሐኪም ቤቱ ያየውን ሞት ይዞ ቀረበ፤ የወጣው ቃል ለሁለቱም ሙሉ በሙሉ ያልተመቸ፥ ነገር ግን ሁለቱም የተሰሙበት ሆነ። ክርክር ማለት እኛ የምናውቀው ይህ ነው።

አሁን አዲሱን ሕግ ከፍቶ ለሚያነብ ሰው ቁጥሮቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ከ120 በኋላ 121 ይመጣል፤ በመካከላቸው የተሰፋ ፊደል የለም። ግርፋት ከቅጣት ዝርዝር ወጥቷል።

ያች የ48 ሰዓት ቃል ግን ከ1948 ወደ 1954፥ ከ1954 ወደ 1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ተሻግራ ቆማለች። አንዲት ጅራትም አላት፤ የተያዘውን ሰው ወደ ፍርድ ቤት ለማድረስ ለጕዞ የሚያስፈልገው ጊዜ በ48 ሰዓቱ ውስጥ አይቈጠርም ትላለች። ቃሏ ስትጻፍ መንገድ ማለት በበቅሎ የሚኬድ የሁለትና የሦስት ቀን ጕዞ ነበር፤ ወንዝ ሞልቶ ሰው የሚያድርበትም ጊዜ ነበር። ዛሬ በአየር ጤና ለተያዘ ሰው ከፖሊስ ጣቢያው እስከ ልደታ ፍርድ ቤት ያለው መንገድ፥ የጠዋቱ የመኪና ብዛት እንኳ ቢከብድ፥ ከረፋድ የማያልፍ ነው።